የአርባ ስምንቱ ገብሶች ዝምድና

በየነ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ገብስ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሰብል ሙከራ ጣቢያ የመስክ ቴክኒሺያን ሆኖ ተቀጥሮ፣ መንግሥት ሲለወጥም፣ ኃላፊዎች ሲፈራረቁም፣ የቢሮው ጽሕፈት ወደ ኦሮምኛ ሲዞርም ከገብስ መደቦቹ መካከል ንቅንቅ አላለም። አባቱ ከመንዝ መጥተው ጎባ የከተሙ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሱ ግን እዚያው ጎባ ተወልዶ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል እየተናገረ ስላደገ ገበሬዎቹ «በየነ ኬኛ» ነው የሚሉት፤ የእኛው በየነ። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ የእንጨት መለኪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመጣ ከሩቅ ያውቁታል።

የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። ተመራማሪ መጥቶ ተመራማሪ ሲሄድ፣ በእሱ እጅ የተዘራ መደብ አንድም ቀን ቁጥሩ ተምታቶ አያውቅም። ዘሩን ከከረጢቱ ወደ ፖስታ የሚያከፋፍለው እሱ፣ ፖስታው ላይ የሚጽፈው እሱ፣ የሚዘራው እሱ፣ የሚለካው እሱ። መጋዘኑም ቁልፉ በእሱ ኪስ ነው።

ጁሀራ ወደ ጣቢያው የመጣችው በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። የአጋርፋ ልጅ ናት፤ ስታቲስቲክስ ተምራ ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች፣ ቁጥር ሲያዩ ፊታቸው ከሚበራ ሰዎች አንዷ። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮ ከመቀመጥ ይልቅ ቦት ጫማ ተውሳ እሱ ወዳለበት ማሳ መጣችና፣

«ጋሼ በየነ፣ እኔ ገብስ የማውቀው ሳህን ላይ ነው። ያስተምሩኛል?» አለችው።

ሰውየው በዚያች ቀን ተሸነፈ። የወለዳቸው ሁለት ወንዶች፣ አንዱ ሐዋሳ አንዱ መቀሌ ሥራ ይዘዋል፤ ሴት ልጅ አልነበረችውም። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለይርጋለም «አንዲት ልጅ መጥታለች» ብሎ የጀመረውን ወሬ እራት ተነሥቶም አልጨረሰውም። ይርጋለም «ለመሆኑ ስሟ ማነው?» ብትለው ክው አለ። ለካ ውሎውን ሙሉ ሲያስተምራት ስሟን አልጠየቃትም።

በዚያ ዓመት ለጣቢያው አንድ ከባድ ሥራ መጥቶ ነበር። የሲናና እና የሮቤ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ስንዴ ሆኗል፤ አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነሮቹ መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ። ገብሱ ግን ዓመት በዓመት ወደ ተራራው እየሸሸ፣ አሮጊቶች ጓሮ ብቻ እየቀረ ነበር። ስለዚህ በየነና ሁለት ባልደረቦቹ ከጎባ በላይ ካሉ መንደሮች፣ ከዲንሾ፣ ከአጋርፋና ከጋሠራ እየዞሩ አርባ ስምንት ዓይነት የአገር ገብስ ሰበሰቡ። ችግሩ ዘሩ ለብዙ ዓመት እንዲቆይ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ቦታ ያለው ለሃያ ብቻ መሆኑ ነው። ከአርባ ስምንቱ ማን ከማን እንደሚዛመድ ታውቆ፣ ከየቤተሰቡ አንድ አንድ ተመርጦ መቀመጥ ነበረበት። ሌላው ቢጠፋ ወንድሙ አለ ይባላል፤ ብቸኛው ግን ከጠፋ ጠፋ ነው።

ዝምድናውን ፈልጋ እንድታወጣ የታዘዘችው ጁሀራ ነበረች። መረጃውን ከሦስት ቦታ ልትወስድ ወሰነች። አንዱ የበየነ የመስክ መዝገብ ነው፤ ቁመት፣ ያሸተበት ቀን፣ የዛላ ርዝመት፣ የደረሰበት ቀን። ሁለተኛው አዲስ አበባ ካለ ላቦራቶሪ የሚመጣ ነው፤ እያንዳንዱ ገብስ ዘረ መሉ ውስጥ ምን ምልክት እንዳለውና እንደሌለው በአንድና በዜሮ የተጻፈበት። ሦስተኛው ግን ጣቢያው አይቶት የማያውቅ ዓይነት ነበር፤ ዘር ሲመርጡ የኖሩ እናቶች በእጃቸው ለይተው የሚያስቀምጡት ክምር።

በየነ ይህን ሲሰማ ቅር አለው።

«ላቦራቶሪው ዘሩን ካየ እኔን ጭቃ ውስጥ ምን አንከራተተኝ?» አላት። «ደግሞስ እንዴት አድርገሽ ነው የምትደምሪው? ሴንቲሜትርና የእናቶች ጣዕም ይደመራል?»

«አይደመርም» አለች እየሳቀች። «እኔም አልደምረውም። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ መረጃ የራሱን የዝምድና ዛፍ ነው የምሠራለት። በጣም የሚቀራረቡት ሁለቱ መጀመሪያ ይገናኛሉ፤ ቀጥሎ የሚቀርባቸው ይጨመራል፤ እንደዚያ እያሉ ቤተሰብ ከቤተሰብ እየተገናኘ መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ግንድ ላይ ይደርሳሉ።»

«እሺ፣ ሦስት ዛፍ ሆነ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያነሣሁ እጠይቃለሁ። አምስትና ዘጠኝ በእርስዎ ዛፍ ላይ የተገናኙት ገና ከቅርንጫፉ ጫፍ ነው ወይስ ግንዱ አጠገብ ደርሰው? በላቦራቶሪውስ? በእናቶችስ? ‹ቶሎ ተገናኙ ወይስ ዘግይተው?› የሚለው ጥያቄ በሦስቱም ዛፍ ይገባል። ሴንቲሜትርም ጣዕምም የለበትም። የምደምረው ይህንን ነው፤ ከእሱ አንድ ዛፍ ይወጣል። አንድ ጊዜ ብቻም አልሠራውም፤ አንዱን መለኪያ እያወጣሁ፣ ሌላውን እየመለስኩ መቶ ጊዜ እሠራዋለሁ። መቶ ጊዜ ተሠርቶ የማይለያዩትን ዘመዳሞች ናቸው እላለሁ።»

«የአንድ ምስክር ቃል ብቻ ሰምቶ አይፈረድም ነው የምትይው።»

«እሱን ነው። ሲለያዩ ደግሞ ማን ለምን እንደተለየ መጠየቅ አለብኝ።»

«የእኔን ምስክርነት ግን ባትጠረጥሪው ደስ ይለኛል» አለ በየነ። «እርሻ አይዋሽም።»

በጥር 2004 ዓ.ም.፣ አጨዳው አልቆ የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርስ፣ የቀረው የእናቶቹ ነበር። ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ መውጫ ያለ አንድ ቀበሌ ሊቀ መንበር ዘር አዋቂ እናቶችን እንዲሰበስብ ተነገረው። በቀጠሮው ቀን ጁሀራና በየነ ለላቦራቶሪው እንደተላከው ሁሉ ከዋናው ከረጢት የወጣውን ገብስ አርባ ስምንት ሰፌድ ላይ ዘርግተው ሲጠብቁ አሥራ አንድ ሰዎች ከች አሉ፤ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ሞዴል አርሶ አደር፣ ሁሉም ስንዴ ዘሪ። አንደኛው የአንድ ለአምስት መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ የዕለቱ አጀንዳ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

ጁሀራ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በትሕትና ምርጥ ዘር መዝራታቸውን አመሰገነችና፣ «አሁን ደግሞ እናቶቻችሁን ላኩልን» አለቻቸው።

እናቶቹ በማግስቱ መጡ። ከፊት የነበሩት አዮ ጤቤ ናቸው፤ «አዮ» እዚያ አገር እናትም አያትም ለሆነች ሴት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰማንያን የተጠጉ ሴት፤ በነጠላቸው ላይ የወንድ ካፖርት ደርበዋል። በየነን ሲያዩት «አከም ጅርታ፣ በየነ ኬኛ? ፈያ? ሚስትህ ደህና? ያንተ ፀጉር ምነው እንዲህ ነጣ?» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ጁሀራ በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። «ቁጥሩን አትዩት፤ ስሙንም አልነግራችሁም። ዘመድ ነው የምትሉትን ከዘመዱ ጋር አስቀምጡልኝ።»

«ይኸው ነው? ይህን ለማወቅ ነው የተማርሽው ልጄ?» አሉ አዮ ጤቤ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

ግን ሥራው ሲጀመር ሳቁ ጠፋ። በአውራ ጣታቸው እያሹ፣ በጥርሳቸው እየሰበሩ፣ መዳፋቸው ላይ እፍ እያሉ፣ አንዷ ከሌላዋ ጋር እየተከራከሩ ሲለዩ ዋሉ። በአንደኛው ሰፌድ ላይ አዮ ጤቤ ረጅም ጊዜ ቆሙ። ፍሬውን በመዳፋቸው አሹና እፍ ሲሉት ገለባው ወዲያው በነነ። ከዚያ ሰፌዱን አንሥተው ከሁሉም አርቀው ብቻውን አስቀመጡት።

«ይህስ ዘመድ የለውም?» አለች ጁሀራ።

«የለውም። ይህ የእኔ ነው። ከጓሮዬ ነው የወሰዳችሁት፣ አላህ ያውቃል። እናቴ ስትዳር ይዛው የመጣችው ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ሳይወቀጥ ይላጣል። እንዲህ ያለውን ሌላ ቦታ አላየሁም።»

ጁሀራ ሰፌዱን ገልብጣ ከሥሩ የተለጠፈውን ቁጥር ጻፈች። ሠላሳ ስድስት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጁሀራ በየነን ቢሮዋ ጠራችውና ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። እያንዳንዱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተኛ ዛፍ ተስሏል፤ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ቁጥሮች ተደርድረዋል። በየነ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፤ መልሶ አወረደ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ዛፉ ይታየዋል፤ ቁጥሮቹ ግን እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነበሩ።

ይህን ነገር ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀኝ ዓይኑ ላይ አንድ ጭጋግ ወርዶበታል። መጀመሪያ የሮቤ የክረምት ጉም መስሎት ነበር፤ ጉሙ ተገፎ ሜዳው ሲበራ የእሱ ግን አልገፈፍ አለ። ግራውም መከተል ጀመረ። «ዓይኑ ደክሟል» ተብሎ ቢሮ ከሚያስቀምጡት ለጡረታው የቀረውን ሁለት ዓመት እንደምንም ሊገፋው ቆርጦ፣ መደቦቹን በእግሩ እየቆጠረ፣ ዛላውን በጣቱ እየለካ ዘለቀ።

«ያምራል» አለ ወረቀቱን እየመለሰ።

«ያምራል። ግን ይዩልኝ፤ አርባ ስድስቱ በሦስቱም ዛፍ ላይ ይብዛም ይነስ ይስማማሉ። ሁለቱ ብቻ አስቸገሩኝ። በእናቶችና በላቦራቶሪው ዛፍ ላይ 36 ብቻውን ነው፤ 38 ደግሞ ዘጠኝ ወንድሞች ያሉት ተራ ገብስ ነው። በእርስዎ ዛፍ ላይ ግን ተገላብጧል። 38 ብቻውን ቆሟል፤ 36 ከዘጠኙ ጋር ገብቷል። ሦስቱን ሳዋህድ ሁለቱም መሐል ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ መቶ ጊዜ ስሠራው መቶ ጊዜ ቦታቸውን ይቀያይራሉ።»

«ላቦራቶሪው ይሆናል» አለ በየነ ፈጠን ብሎ። «እነሱ ጋ በቀን ስንት ሺህ ዘር ነው የሚገባው።»

«እሱንም አስቤያለሁ» አለች ጁሀራ ቀስ ብላ። «ላቦራቶሪው ቢሳሳት ግን እናቶቹ ተመሳሳይ ስህተት እንዴት ይሳሳታሉ? አልተገናኙም እኮ።»

በየነ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው ሳይሞላ መጋዘኑን ከፈተ። ከመደርደሪያው መጀመሪያ ከገበሬ የመጣውን ዋናውን የ36 ከረጢት አወረደ፤ ከዚያ ባለፈው ኅዳር ከመደብ 36 የታጨደውን። ሁለቱ አንድ ገብስ መሆን ነበረባቸው። ዓይኑን አላመነውም፤ ስለዚህ እንደ አዮ ጤቤ አደረገ። ከዋናው ጭብጥ ፍሬ ይዞ በመዳፉ አሽቶ እፍ አለው። ገለባው በረረ። ከታጨደው ያዘና አሸ፤ እፍ አለ። ምንም የለም። እንደገና አሸ፤ ገለባው ከፍሬው ጋር ሙጭጭ እንዳለ ነው።

ከመደብ 38 የታጨደውን አወረደ። አሽቶ እፍ ሲል ገለባው ቱታው ላይ በነነበት።

ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። አሁን ትዝ አለው። ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ሲያወርደው የዋለበት ቀን ነበር፤ መብራት ጠፍቶ በዚያች ጠባብ መስኮት ብርሃን ነው ዘሩን ወደ ፖስታ ያከፋፈለው። ስድስትና ስምንት። 36 የተጻፈበትን ከረጢት 38 ብሎ አንብቦ፣ 38ን ደግሞ 36። በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ በራሱ ጥቁር ቀለም። ከዚያ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ ትክክል ነው፤ የተለካው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሰው መቼም ሰው ነውና አንድ ሐሳብ ሽው አለበት። ቁልፉ በእጁ ነው። የታጨዱትን ሁለት ከረጢቶች ምልክት ቢያቀያይር፣ መዝገቡ ላይም ሁለት መስመር ብቻ ቢያርም፣ «ስትገለብጪው ተሳስተሽ ይሆናል» ቢላት ማን ያውቃል? ዛፉም ይስተካከላል፣ ስሙም ይተርፋል። ምልክቱን ፈትቶ እስከ መያዝ ደርሶ ነበር። ግን ወዲያው አንድ ጥያቄ ክንዱን ያዘው፤ ሁለቱን ካምታታሁ፣ አርባ ስድስቱንስ? ያንን ለማጣራት ዓይን ያስፈልጋል። የእሱ ዓይን ደግሞ ይኸው።

ምልክቱን መልሶ አሰረና ከሁለቱም ከረጢት አንድ አንድ ጭብጥ በመሐረብ ቋጥሮ ወደ ጁሀራ ቢሮ ሄደ። ቁርስ ልትበላ ስትል ነው የደረሰባት። ሁለቱን ክምር ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰ።

«እሺያቸው» አላት።

አሸቻቸው። እፍ ስትል የአንደኛው ገለባ ሻይዋ ውስጥ ገባ።

«የሚላጠው ከመደብ 38 የታጨደው ነው» አለ በየነ። «ሲከፋፈል ነው ያቀያየርኩት። ላቦራቶሪውም ልክ ነው፣ አዮ ጤቤም ልክ ናቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጁሀራ ገለባውን ከሻይዋ በማንኪያ ስታወጣ ቆየችና፣ «ከጠረጠርኩ ሦስት ቀን ሆኖኛል» አለች። «ለመናገር ግን አፌ እምቢ አለኝ። ወላሂ ጋሼ በየነ፣ ላቦራቶሪው በሆነ ብዬ ጸልያለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ራስዎ እንደሚያገኙት ስለማውቅ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ዓይንዎ ነው አይደል? ትናንት ወረቀቱን ሲያዩ ተገልብጦ ነበር የያዙት።»

ሰውየው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጁሀራም ቂጣዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችው። ጾም አልነበረምና ቅቤው ያለበትን ግማሽ ለእሱ አደረገችው።

አርባ ስድስቱን ለማጣራት ሦስት ቀን ፈጀባቸው። እሷ ቁጥር ታነባለች፣ እሱ ፍሬውን በጣቱ ያሻል፤ እሷ ቀለሙን ታያለች፣ እሱ ክብደቱን በመዳፉ ይመዝናል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ከረጢት ሲዘጋ አንድም ሌላ ስህተት አልተገኘም። በየነ «ተመስገን» ሲል፣ ጁሀራ «አልሀምዱሊላህ» ስትል እኩል ወጣባቸውና ተሳሳቁ።

ጁሀራ ሪፖርቱ ላይ ነገሩን ሸፍና አላለፈችውም፤ እሱም እንድትሸፍንለት አልጠየቀም። «ቁጥር 36 እና 38 ዘር ሲከፋፈል ተቀያይረዋል። ስህተቱ የተገኘው የሦስቱን መረጃ ዛፎች በማነጻጸር ነው፤ የመስክ ቴክኒሺያኑ ራሱ ከዋናው ዘር ጋር አመሳክሮ አረጋግጧል» ብላ ጻፈች፤ በየነ ፈረመበት። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ለታ አንብቦ፣ የዓይኑንም ነገር ከራሱ ከበየነ ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሼ በየነ» አለ፣ «የመስክ መረጃውን ብቻ ይዘን ቢሆን ኖሮ 36ን ‹ወንድሞች አሉት› ብለን እንጥለው ነበር። አሁን የመጀመሪያው ተመራጭ እሱ ነው። እርስዎ ግን ነገ ሥራ እንዳይገቡ። ጎባ የዓይን ሐኪሞች በዘመቻ መጥተዋል።»

ሰውየው ቤት ሲደርስ ለይርጋለም እንዴት እንደሚነግራት በመንገድ ሲያጠና መጣ። ይርጋለም የሰማችው ፊቷን ከምትለቅመው ምስር ሳታነሣ ነው።

«ዓይኔ ትንሽ ደክሞ …»

«ከደከመ ስንት ጊዜው!» አለች። «ባለፈው ለጎረቤት ለቅሶ የእኔን ነጠላ ለብሰህ አይደል የሄድከው? እስኪነግረኝ እያልኩ ስጠብቅ ዓመት ሞላኝ። ለገብስ ነገርከው፣ ለእኔ አልነገርክም!» ተቆጥታ ነበር፤ ግን የሚሄድበትን ንጹሕ ሸሚዝ ስታወጣ እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ ጭጋግ ባለበት ዓይኑም አያት።

የዓይን ሞራ ነው ተባለ። በሚኒባስ ጎባ የወሰዱት ይርጋለምና ጁሀራ ናቸው፤ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ተቀምጠው መሐላቸው እንደ ዕቃ አጣብቀውት። መጀመሪያ ቀኙ ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ነርሷ ጣቶቿን አሳይታ «ስንት ነው?» አለችው። በየነ ጣቶቿን ትቶ ከኋላዋ የቆመችውን ጁሀራን አተኩሮ አየ።

«አንቺ ልጅ» አላት፣ «አፍንጫሽ ላይ እንዲህ ጠቃጠቆ አለሽ እንዴ?»

በመጋቢት አጋማሽ፣ የበልጉ ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ ውጤቱን ለእናቶቹ ሊያሳዩ ወደ ተራራው ወጡ። ጁሀራ የተዋሃደውን ዛፍ ትልቅ ወረቀት ላይ አሳትማ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ በቁጥር ፈንታ ፍሬዎቹን በሙጫ ለጥፋለች። አዮ ጤቤ ግቢያቸው ውስጥ ቁርበት አንጥፈው ተቀበሏቸው። ለጁሀራ እርጎ ቀረበላት፤ በየነ ሁዳዴ መሆኑን ሳይጠየቁ ያውቃሉና ለእሱ ቆሎ አቀረቡለት።

ዛፉን በጣታቸው እየተከተሉ ረጅም ጊዜ አዩት። የራሳቸውን ገብስ ከላይ ብቻውን በረጅም ቅርንጫፍ ላይ ሲያገኙት «ማሻ አላህ፣ ወግ ደርሶታል» አሉ። ከዚያ ግን ጣታቸው አንድ መጋጠሚያ ላይ ቆመ።

«ይህ ልክ አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ለምን አንድ ቤት አስገባሻቸው?»

«አሥራ አንድና ሃያ ዘጠኝ ናቸው፤ በላቦራቶሪው በጣም ቅርብ ናቸው አዮ። በቁመትም በቀንም አንድ ናቸው። እናንተ ግን ለያይታችኋቸው ነበር፤ ሁለቱ ምስክሮች በልጠው ነው።»

«ምስክር በዛ ተብሎ! ይህኛው ዱቄቱ ለጩኮ ይሆናል፣ ሲለወስ ቅቤ ይጠጣል። ያኛውን ቅቤ ብታፈሽበት ይተፋዋል። አንድ ናቸው ብለሽ አንዱን ልትጥይ ነው?»

ጁሀራ በየነን አየችው። በየነ ደግሞ ሁለቱን ፍሬዎች አየ፤ አሁን ጥርት ብለው ይታዩታል፤ አይለዩም።

«ዓይን እዚህ ላይ አይረዳንም» አላት። «እኔ ብሆን ሁለቱንም አስቀምጥ ነበር።»

ጁሀራ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። «እሺ፤ ሁለቱም ይቀመጣሉ። አንድ ሌላ እናስወጣና ቦታ እንፈልጋለን። ዱቄቱንም በሚቀጥለው ዓመት እንመዝናለን፤ ቅቤ ምን ያህል እንደሚይዝ።»

«ቅቤውን ከእኔ እንዳትጠይቂ ብቻ» አሉ አዮ ጤቤ፤ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር።

ከምሳ በኋላ ልጃቸው ኢታና በሬዎቹን ጠምዶ ከጓሮ በታች ያለችውን አንዲት ጥማድ የማትሞላ ቁራሽ መሬት ማረስ ጀመረ። ኢታና አርባ ዓመት የሞላው፣ ሌላውን መሬቱን ሁሉ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ነው፤ እናቱን ደስ ለማሰኘት ካልሆነ ገብስ ላይ ጊዜ እንደማያጠፋ እየሳቀ ለበየነ ነገረው። አዮ ጤቤ ከጣቢያው የመጣላቸውን የራሳቸውን ዘር በሰፌድ ይዘው መጡና ለበየነ ሰጡት።

«አንተ ዝራው፤ የእኔ ክንድ አርቆ አይበትንም።»

በየነ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ዘሩን እፍኝ እፍኝ እያለ በተነ፤ እያንዳንዷ ፍሬ ስትበርና ጥቁሩ አፈር ላይ ስታርፍ አያት። ጁሀራም ተከትላ ገብታ፣ ቦት ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተውጦ ቀርቶ በአንድ እግሯ ስትዘል ኢታና በሬዎቹን አቁሞ እስኪያነባ ሳቀ።

በዚህ መሐል የበየነ ስልክ ጮኸ። ይርጋለም ነበረች።

«የዓይን ጠብታውን ጨመርክ?»

«ጨምሬያለሁ።»

«አቧራ ጋ እንዳትደርስ የተባልከውንስ? አሁን የት ነህ?»

በየነ ዙሪያውን አየ። ከፊቱ በሬዎች፣ ከእግሩ ሥር ትኩስ አፈር፣ ከላይ የሳነቴ ደመና። «ቢሮ ነኝ» አላት።

«እማማ ይርጋለም!» ጁሀራ ከኋላው ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። «አይስሟቸው! ማሳ ውስጥ ባዶ እግራቸውን ናቸው!»

በስልኩ ውስጥ የይርጋለም ቁጣ ዝናብ ሲመጣ እንደሚሰማው ድምፅ መውረድ ጀመረ። በየነ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ይዞ፣ በሌላው እጁ የቀረውን ዘር በትኖ ጨረሰ።